በአባቴ ፋንታ

እናቴ የሞተችው በጨጓራ ነው ተብሎ ነው። ከእሷ በቀር ቤታችን ውስጥ በሽታው ጨጓራ አለመሆኑን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ አባቴንና ታላቅ ወንድሜን ለብቻ ጠርቶ ነገራቸው፤ ወንድሜ ለእህቴ ነገራት፤ እህቴ እያለቀሰች ለእኔ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ለሰባት ወር ያህል ሁላችንም ስለ ጨጓራ ስናወራ ኖርን። ተልባ እናፈላለን፣ አልጫ ወጥ እንሠራለን፣ ጎረቤት ለጨጓራ የሚሆን መድኃኒት ሲነግረን እንደማያውቅ ሰው በጥሞና እናዳምጣለን።

እናቴ ደሴ የምትኖር አንዲት ታላቅ እህት ነበረቻት። «ትንሽ ሲሻለኝ ሄጄ አያታለሁ» ትል ነበር። እኛም «አዎ፣ ሲሻልሽ ትሄጃለሽ» እንላታለን። እህትየዋ የመጣችው ለቀብር ነው። ወሎ ሰፈር ካለው ቤታችን በር ስትደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ነጠላዋን መሬት ላይ ጥላ ወደ እሳቸው ሄደችና «ለምን በቁሟ አልጠራኸኝም?» አለቻቸው። አልጮኸችም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሰማት። አባቴ ጎንበስ ብለው ነጠላዋን አነሱላት።

አባቴ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ነበሩ። መንገድ ከመሠራቱ በፊት መንገዱ የሚያልፍበትን አገር በእግራቸው እየሄዱ ሲለኩ ነው የኖሩት። ያልለኩትን ነገር መናገር አይወዱም ነበር። ያቺ የደሴዋ አክስቴ የጠየቀቻቸው ጥያቄ አንድ ዓመት ሙሉ ሲከነክናቸው እንደቆየ ያወቅሁት በኋላ ነው።

እኔ ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። እናቴ ከመሞቷ ሁለት ወር በፊት ፀጉሯን እያበጠርኩላት ሳለ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጨጓራ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እጄ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ «እማዬ፣ እንድነግርሽ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ስታይ ቆየች። ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን ጣሪያችንን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ድምፁ ሲርቅ «ተይው፣ ይቅር» አለች። ማበጠሬን ቀጠልኩ። ሹሩባ እንድሠራት ፈልጋ ነበር፤ ፀጉሯ ግን ለሹሩባ አልበቃም።

የእናቴን ሙት ዓመት ካወጣን በኋላ በነበረው እሑድ አባቴ ሦስታችንንም ለምሳ ጠሩን። ወንድሜ በአንድ መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ ነበር፤ በዚያ የደርግ ዘመን ከስብሰባ ስብሰባ የሚሮጥ ሰው ነው። እህቴ ኮተቤ የምትኖር አስተማሪ፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ናት። እኔ የመጨረሻዋ ልጅ ስሆን አንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት እሠራለሁ፤ ሳላገባ ከአባቴ ጋር ነበር የምኖረው።

እጃችንን ከታጠብን በኋላ አባቴ «አሁን ስለ እኔ እንነጋገር» አሉ።

እህቴ ደነገጠች። «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ስኳሬ እንደነበረው ነው። አላመመኝም። የምንነጋገረውም ስላላመመኝ ነው።» ውሃ ጠጡና ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ሲያመኝ እውነቱን ለእኔ ትነግሩኛላችሁ። ለጎረቤት ከመንገራችሁ በፊት፣ እርስ በርሳችሁም ከመነጋገራችሁ በፊት። መናገር ካቃተኝ ወይም ራሴን ከሳትኩ ግን በእኔ ፋንታ ሐኪሙን የምታነጋግረው እሷ ናት። አዎ የምትለውም፣ እንቢ የምትለውም እሷ ናት።» በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ወንድሜ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «አባባ፣ የበኩር ልጅ እያለ?»

«አንተ ትወደኛለህ። ይቺም ትወደኛለች» አሉ ወደ እህቴ እያዩ። «ለዚህ ሥራ የምፈልገው ግን የምለውን የሚሰማኝ ሰው ነው።»

እኔ እወዳቸው እንደሆነ አልተነሳም። ወንድሜ ኮቱን ለብሶ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጣ። እሑድ ነበር፤ በዚያን ጊዜ እሑድም ስብሰባ ስለሚኖር ውሸት ነው ማለት አይቻልም። እህቴ ሰሃን እያነሳች አፍንጫዋን ስትጠርግ ቆየች።

ማታውን ሳይሆን በማግስቱ፣ ከሥራ ስመለስ፣ አባቴ ግቢው ውስጥ ጎመን ሲያርሙ አገኘኋቸውና ለምን እኔን እንደመረጡ ጠየቅኋቸው።

«እናትሽ የተቀበረች ቀን» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ሰው ሁሉ ሲላቀስ አንቺ ድንኳኑ ውስጥ ስንት ወንበር እንደጎደለ ትቆጥሪ ነበር።»

«ይሄ ነውር ነው ወይስ ሙያ?»

«ምንም አይደለም። እንደዚያ ነሽ።»

ወረቀቱን እኔው በእጄ ጻፍኩት። እሳቸው እየተናገሩ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ሲሳሳቱ እያስቆምኳቸው ሦስት ቀን ፈጀብን። እውነቱ እንዲነገራቸው፤ ተስፋ በሌለው ነገር ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን እንዳይደረጉ፤ መዳን የማይቻል ከሆነ ሆስፒታል ሳይሆን ቤታቸው እንዲሆኑ፤ ቄስ ለመጥራት እንዳይዘገይ፤ ራሳቸውን ከሳቱ እኔ እንድወስን። ከዚህ በላይ አልነበረም። ቀያሽ ናቸውና መጨረሻ ላይ «ከዚህ ወሰን ውጭ የሆነ ነገር ሲያጋጥም በልጄ ግምት ይሠራ» የሚል ዐረፍተ ነገር አስጨመሩኝ። «ግምት» የሚለው ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ገረመኝ፤ ግን እንዳሉት ጻፍኩት።

ወረቀቱ ማኅተም ያስፈልገዋል ብለን ቀበሌ ይዘነው ሄድን። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሷል፣ ለሥራውም ይጠነቀቃል። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አባት፣ ይሄ ኑዛዜ ነው?»

«አይደለም። ኑዛዜ ከሞትኩ በኋላ ነው። ይሄ ከመሞቴ በፊት ነው።»

«ታዲያ ውክልና ነው?»

«መሰለኝ።»

«ውክልና የንብረት ነው። ቤት ለማስተዳደር፣ ጡረታ ለመቀበል። እዚህ ላይ የተጠቀሰ ንብረት የለም።»

«ንብረቱ እኔ ነኝ» አሉ አባቴ።

ጸሐፊው ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ወረቀቱን ይዞ ወደ ሊቀመንበሩ ክፍል ገባ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ጓድ ሊቀመንበሩ እንዲህ ያለ ወረቀት ከዚህ በፊት ማኅተም መትተውበት እንደማያውቁ፣ ከበላይ መመሪያ ሳይመጣ ሊመቱም እንደማይችሉ ነገረን። ሐሳቡ መጥፎ ነው እንዳላሉ ግን ጨመረበት። አባቴ ባርኔጣቸውን አደረጉና አመስግነው ወጡ።

በቀበሌ ማኅተም ፋንታ ሁለት ሰው ፈረመበት። አንዱ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ሌላው የአባቴ የነፍስ አባት ሲሆኑ ወረቀቱን ብርሃን ላይ አቅርበው እስከ መጨረሻው ካነበቡት በኋላ «ለነፍሱ እኔ አለሁ። ሥጋውን አንቺ ያዢልኝ» ብለውኝ ፈረሙ። ወረቀቱ አባቴ የቅየሳ ማስታወሻዎቻቸውን የሚያስቀምጡበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ገባ። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ቤት ሲመጣ እኔን ሰላም የሚለኝ እንደ ሥራ ባልደረባ በእጅ ነበር።

አራት ዓመት ያህል ምንም አልሆነም። በሰባዎቹ አጋማሽ አባቴ አዲስ ጫማ ገዙ። ጫማው የግራ እግራቸውን አውራ ጣት ላጠው። ስኳር ላለበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ግን ለማንም ሳይናገሩ ክፍላቸውን ዘግተው በጨው ውሃ ሲያጥቡት ከረሙ። እውነቱን ንገሩኝ ያሉን ሰው የራሳቸውን እግር ደበቁን። እኔ ያወቅሁት ከሽታው ነው። ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ የሞተ አይጥ ያለ መስሎኝ አልጋ ሥር ሁሉ ፈለግሁ። በማግስቱ ጠዋት ትኩሳታቸው ወጥቶ ሲንቀጠቀጡ ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ጠቁሯል።

ጎረቤታችን በቮልስዋገኑ ሆስፒታል አደረሰን። ወንድሜንና እህቴን ከሆስፒታሉ ስልክ ደወልኩላቸው። ሲደርሱ አባቴ በትኩሳቱ እየቃዡ ነበር፤ እዚህ አልነበሩም። አንድ ሩቅ አገር ገደል አፋፍ ላይ ቆመው የቅየሳ ምልክት የያዘውን ሰው «ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ!» እያሉ ያዝዙት ነበር። እኔን ሲያዩ «አንተ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅብን» አሉኝ።

ሐኪሙ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሦስታችንን ኮሪደሩ ላይ አቆመን። መመረዙ ወደ ደማቸው ገብቷል አለ። እግራቸው ከጉልበት በላይ ዛሬውኑ ካልተቆረጠ ሁለት ቀን መቆየታቸውን ይጠራጠራል። ከተቆረጠም ለመዳናቸው ዋስትና የለም፤ ግን ዕድል አላቸው።

«የቤተሰቡ ኃላፊ ማነው?» አለ።

ወንድሜ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ከዚያ ቆመ። ዞር ብሎ አየኝ። ከቦርሳዬ ወረቀቱን አውጥቼ ለሐኪሙ ሰጠሁት። ሐኪሙ አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ማኅተም የለውም» አለ።

«እንቢ ብለውን ነው።»

«ለእኔ ማኅተሙ ምንም አያደርግልኝም። የምፈልገው አንድ ሰው ነው። ሦስት ሰው ሲሆን ቀን ያልፋል።» ወረቀቱን መለሰልኝ። «አንድ ሰዓት እሰጥሻለሁ።»

ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ «በእግራቸው የኖሩ ሰው ናቸው» አለ። «አገሩን በእግራቸው ነው የለኩት። እግራቸውን ቆርጠው አልጋ ላይ ሊያውሏቸው? ይሞታሉ እንጂ ይሄንን እሺ አይሉም።» እህቴ ጠበል እንውሰዳቸው አለች፤ አንዲት የትምህርት ቤት ባልደረባዋ እንዲህ ያለ እግር በጠበል ሲድን በዓይኗ አይታለች። ሁለቱም ከልባቸው ነበር የሚናገሩት። ሁለቱም እያለቀሱ ነበር።

ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። ስለ እግር የሚል አንድም ቃል የለበትም። ሦስት ቀን ሙሉ ስንጽፍ እሳቸው የስኳር በሽተኛ መሆናቸውን እያወቅን አንዳችንም እግር የሚባል ነገር አላሰብንም። በማተሚያ ቤት ሥራዬ የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ቃል ሲጎድል የራሴን ቃል አላስገባም፤ ጸሐፊውን አስጠርቼ እጠይቃለሁ። እዚህ ጸሐፊው ገደል አፋፍ ላይ ነበሩ።

ስለዚህ ሲናገሩ የሰማኋቸውን ነገሮች ማስታወስ ጀመርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ከኦጋዴን ጦር ግንባር አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ሰው አለ፤ መንገድ ዳር ሬዲዮ ይጠግናል። አባቴ አንድ ቀን በክራንቹ የቦሌን መንገድ ሲያቋርጥ በረንዳ ላይ ሆነው ሲያዩት ቆዩና «ይሄ ሰውዬ ሁለት እግር ካለው ልጄ የበለጠ ቦታ ይሄዳል» አሉ። ስለ ወንድሜ መኪና መናገራቸው ነበር። ሌላም አስታወስኩ፤ በዚያው ሰሞን ለመጪው ክረምት የሚሆን የጎመን ዘር ከእህቴ ባል ይለምኑ ነበር። በሌላ በኩል አውቶቡስ እየመጣ እንኳ በእግሬ ልሂድ የሚሉ ሰው ናቸው። ወንድሜ ያለው ትክክል ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አመዛዘንኩ። የሚመዝንልኝ አልነበረም።

«ይቆረጥ» አልኩ።

ወንድሜ ቀረብ ብሎ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ «ቢሞቱ በአንቺ እጅ ነው» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

ፈረምኩ። ስፈርም ምን ተሰማሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እስክሪብቶው አይጽፍም ነበር፤ ነርሷ ሌላ እስክትሰጠኝ ጠበቅሁ። የማስታውሰው ይህንን ነው።

አባቴ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነቁ። ፊታቸው ገርጥቷል እንጂ ዓይናቸው የራሳቸው ነበር። እህቴ ግንባራቸውን ሳመች፤ ወንድሜ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። አባቴ ትንሽ ቆይተው «የግራ እግሬን ያሳክከኛል፤ እከኩልኝ» አሉ።

እህቴ ፈጠን ብላ ብርድ ልብሱን፣ ምንም የሌለበትን ቦታ፣ ማከክ ጀመረች። «እዚህ ጋ ነው አባባ? እዚህ ጋ?» ወንድሜ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እጇን ያዝኩት።

«አባባ» አልኩ፣ «ግራ እግርዎ የለም። ከጉልበት በላይ ተቆርጧል። መመረዙ ወደ ደምዎ ገብቶ ነበር። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን በእጃቸው ዳሰሱት። ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ለዘጠኝ ቀን አላናገሩኝም። ከነርሶቹ ጋር ይነጋገራሉ፤ ከወንድሜ ጋር ስለ መንገድ ሥራ ያወራሉ፤ የእህቴን ልጆች ስም እየጠሩ ስለ ትምህርታቸው ይጠይቃሉ። እኔ በየቀኑ ከሥራ በኋላ እሄዳለሁ፤ ሾርባውን አስቀምጣለሁ፤ የጥየቃ ሰዓት እስኪያልቅ እቀመጣለሁ፤ ደህና ይሁኑ ብዬ እወጣለሁ። ወንድሜ በአምስተኛው ቀን ኮሪደር ላይ ተከትሎኝ መጥቶ «ተዪው፣ ያልፍላቸዋል» አለኝ። ከዚያ ከእሑዱ ምሳ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉንጬን ሳመኝ።

በአሥረኛው ቀን ሾርባውን ሳስቀምጥ አባቴ «ምን አስበሽ ነው?» አሉ።

ስለ ሬዲዮ ጠጋኙ ሰው ነገርኳቸው። ስለ ጎመን ዘሩም። ወንድሜ ያለውንም አልደበቅኋቸውም።

«ያ ሰውዬ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም» አሉ። «እኔ ሰባ ልደፍን ነው።»

«አዎ። ያንን አላሰብኩትም።»

ከጎናቸው ያለው በሽተኛ ብርቱካን ይልጥ ነበር።

«ዛሬ እንደገና ብትጠየቂ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ ምን እንድል ይፈልጋሉ?»

ጣሪያውን እያዩ «አላውቅም» አሉ። «አንዳንድ ቀን ደግ አደረግሽ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ማየትሽን እጠላለሁ። የሚቀጥለው ቀን ምን እንደሚሆን አላውቅም።»

እውነቱን ስለነገሩኝ ይሁን ስለደከመኝ፣ በዚያው ቁጭ ባልኩበት ስለ እናቴ ነገርኳቸው። ፀጉሯን ሳበጥርላት የጠየቀችኝን፣ ልንገርሽ ወይ ማለቴን፣ «ተይው» ማለቷን። አባቴ ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው?»

«ምን ያህል እንደምታውቅ አላውቅም። እንዳልነግራት የፈለገችው ግን ራሷ ናት።»

«አምስት ዓመት ሙሉ» አሉና አቆሙ። ከዚያ «ለምን አልነገርሽኝም?»

«የደሴዋ አክስቴ ከተናገረችዎ በኋላ እርስዎ ያንን ነገር ይዘውት ነበር። ቢነገርዎት ይቀልልዎት ይሁን ይብስብዎት አላወቅሁም።»

እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እያለቀሱ ይሁን ብርሃኑ ወግቷቸው አልጠየቅሁም። የጥየቃ ሰዓት ማብቂያው ተደወለ። ስወጣ «ነገ ወረቀት ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ይረዝማል። እግር፣ እጅ፣ ዓይን፣ ሁሉም በየተራ ተጽፏል። ቀኝ እግራቸው ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢደርስ እንዳይቆረጥ አሉ፤ አንድ ይበቃል። «እውነቱ ይነገረኝ» የሚለውን አሰርዘው «መስማት እፈልግ እንደሆነ ልጄ አስቀድማ ትጠይቀኝ» አስባሉኝ። ካሰቡበት በኋላ አንድ ነገር ጨመሩ፤ በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ማጠቡ፣ መላጨቱና አልጋቸው አጠገብ መቀመጡ የበኩር ልጃቸው ሥራ እንዲሆን። «እሷ ትወስን፤ እሱ ይያዘኝ» የሚለውን ቃል እንደተናገሩት አስቀመጥኩት። ወንድሜ እንዲፈርምበት ሳሳየው ያችን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት። ፈረመና መሐረቡን አወጣ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። ክራንች መጠቀም ለመዱ፤ እስከ ሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ድረስ ይሄዱና ሲከራከሩ ይውላሉ። ደስተኛ ነበሩ ብል እዋሻለሁ። ከሰው ጋር ተጣልተው ደስ ሲላቸው አይቻለሁ፤ በረንዳ ላይ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሲቀመጡም አይቻለሁ።

ከዚያ ፊታቸው ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ ኩላሊታቸው መሥራት እያቆመ እንደሆነ ለእኔ ነገረኝ። ደም የሚያጥብ መሣሪያ ያኔ ገና እዚህ አገር አልገባም፤ ውጭ ለመሄድ የሐኪሞች ቦርድ መወሰን አለበት። ወንድሜ በዚያን ጊዜ ሰው ያውቃል፤ ማስወሰን እችላለሁ አለ።

ቤት ስመለስ አባቴ በረንዳ ላይ ነበሩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ሐኪሙ ስለ ሕመምዎ የነገረኝ ነገር አለ። መስማት ይፈልጋሉ?»

ጋዜጣቸውን አጠፉ። «መጥፎ ነው?»

«እሱን ከነገርኩዎት ሁሉንም ነገርኩዎት ማለት ነው።»

ሳቁ። «ዛሬ አይደለም» አሉ። «ነገ ንገሪኝ።»

በማግስቱ ራሳቸው ተጣጥበው፣ ሸሚዝ ቀይረው ጠበቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ውጭ አገሩም፣ የወንድሜ ሐሳብ መሆኑንም። በሳምንት ስንት ጊዜ ደማቸው እንደሚታጠብና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀጥል ጠየቁኝ። ዕድሜ ልክ አልኳቸው። ወንድሜን ጠርተው አመሰገኑትና እንደማይሄዱ ነገሩት። እንደፈራሁት አልተጣሉም። ወንድሜ ከመሥሪያ ቤቱ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ቤታችን ገባ፤ አባቴ ክፍል ውስጥ የሽቦ አልጋ ዘረጋ። በየጠዋቱ ይላጫቸዋል። አንዳንዴ ከክፍሉ የሁለቱ ሳቅ ይሰማል፤ ስገባ ዝም ይላሉ። እህቴ በማታስተምርበት ሰዓት ሁሉ እየመጣች የማይበሉትን ምግብ ትሠራ ነበር።

እኔ ሐኪሙን አነጋግር ነበር። የሚያስታግሰውን መድኃኒት እፈልግ፣ የነፍስ አባታቸውን እጠራ ነበር። የሚወሰን ነገር እየቀነሰ ሲመጣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የሞቱት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ የፊደል ግድፈት ስለቅም። ወንድሜ ማተሚያ ቤቱ ስልክ ደውሎ «ነይ» ብቻ አለኝ። ቤት ስደርስ የዕድሩ ድንኳን ግማሹ ተተክሏል። ወንድሜ በሩ ላይ ይዞኝ «ውሃ ስጠኝ አሉኝ፤ ጠጡ፤ ከዚያ አንገታቸው እጄ ላይ ዘንበል አለ። ምንም የሚጠየቅ ነገር አልነበረም» አለኝ። እዚያ ባለመገኘቴ የወቀሰኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሊያጽናናኝ ነበር።

ከአርባው በኋላ ሦስታችን የአባቴን ሣጥን ስናገላብጥ ሁለቱም ወረቀቶች ወጡ። እህቴ ተቀብላ ስታነብ ቆየችና «ለእኔም ጻፊልኝ» አለች። እስክሪብቶ አመጣሁ። በአንቺ ፋንታ የሚወስነው ማን ይሁን ብዬ ጠየቅኋት፤ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ወረቀቱ ላይ ስሜን መጻፍ ጀምሬ ነበር።

«ጋሼ ይሁን» አለች።

ቀና አልኩ።

«አትቀየሚኝ» አለች እጄን ይዛ። «አንቺ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። እኔ እንደዚያ ተብዬ መጠየቅም አልፈልግም። ጋሼ አይጠይቀኝም፤ ፊቱን አይቼ አውቀዋለሁ።»

የጀመርኩትን ሰርዤ የወንድሜን ስም ጻፍኩ። ወንድሜ ግን አልፈርምም ብሎ ተነሳ፤ በረንዳውን ሁለት ጊዜ ዞረና ተመልሶ መጥቶ ወደ እኔ እየጠቆመ «ቢቸግረኝ እሷን አማክራለሁ የሚል ጨምሩበት» አለ። እህቴ ካሰበችበት በኋላ እሺ አለች። ጨመርኩበት፤ ፈረሙ።